የጨርጨር ንጋትና ትንሿ አውሮፕላን

አድምጡኝማ፣ የጨርጨር ሰዎች። ቺሮ የምትሉም፣ አሰበ ተፈሪ ማለትን ያልተዋችሁም፣ ከሂርና እስከ ገለምሶ፣ ከበዴሳ እስከ ሚኤሶ ያላችሁ ሁሉ ጠጋ በሉ። የዛሬው ወጌ ስለ ብርድና ስለ ትንሽ አውሮፕላን ነው። በረዶ ምድሩን የሚያለብስበት አገር ሰው ይህን ወግ ከልጅነቱ ያውቀዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. መኸር ሳንጠራው ደጃችን ድረስ መጣ።

ማሽላው አሽቶ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ መኩኑና ሉባን የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች የዓረቢያን ምድረ በዳ በዝናብ አርሰውት አልፈዋል። ሰው በማይደርስበት አሸዋ ላይ ቅጠል በቀለ፤ የበረሃ አንበጣም አየኝ የሚለው ሳይኖር በዚያ ቅጠል ላይ ሦስት ትውልድ ተራባ። ከዚያ ወደ የመን ወረደ፣ ከየመን ባሕሩን ተሻግሮ ወደኛ ወጣ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በኢትዮጵያ ምድር በ25 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ አልታየም አለ። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የሰፈረ መንጋ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ይይዛል፤ በአንድ ቀን የ35,000 ሰው ቀለብ ይበላል። ሰዉ ጀሪካን እየደበደበ፣ ጅራፍ እያጮኸ፣ ጭስ እያጤሰ ማሳውን ሲከላከል ያየ ሁሉ ያን መኸር አይረሳውም። ትልቁም አውሮፕላን አልተረፈም። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ መጨረሻ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ የሚበር የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን መንጋው ውስጥ ገብቶ የፊት መስታወቱ በአንበጣ ተሸፈነ፤ ድሬዳዋ ማረፍ አልቻለም፤ ወደ አዲስ አበባ ዞሮ አረፈ።

እንግዲህ ብርዱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አንበጣ የራሱ የሆነ የሰውነት ሙቀት የለውም፤ የሚሞቀው በፀሐይ ነው። ቀን ሲበር ይውልና ሲመሽ ግራሩ ላይ፣ ማሽላው ላይ፣ ቁጥቋጦው ላይ ይሰፍራል። ሌሊቱ ይገትረዋል። ሲነጋ ክንፍ እያለው መነሣት ያቅተዋል፤ ጎኑን ለፀሐይ ሰጥቶ ይቀመጣል። ሰማዩ ጠርቶ አየሩ ከ15 እስከ 17 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልደረሰ አይበርም፤ ደመና ካለ ደግሞ ከ23 በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት አንሥቶ እስከ ጠዋቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ድረስ መንጋው ባደረበት ይገኛል። አንዴ ከተነሣ በነፋስ ታግዞ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ማታ ጡሎ ያየኸው ነገ የማን ማሳ ላይ እንደሚያድር አታውቅም። የጨርጨር ደጋ ብርድ ለገበሬው የሚሰጠው ጊዜ እነዚያ ሁለት ሦስት ሰዓቶች ናቸው።

ለረጪው አብራሪም ንጋቱ ይመቸዋል። ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ክንፉን ያነሣል፣ ለሞተሩ ጉልበት ይሰጣል፣ ኬሚካል የጫነች አውሮፕላን በአጭር ሩጫ ትነሣለች። ነፋሱም ገና ለስላሳ ነው። ፀረ አንበጣው የሚረጨው ለአንድ ሄክታር አንድ ሊትር ወይም ከዚያ ያነሰ ሆኖ እንደ ጭጋግ ረቅቆ ነው፤ ፀሐይ መሬቱን ስታግለው አየሩ ወደ ላይ ይፈላና ያን ጭጋግ ከአንበጣው ላይ ይዞት ይሄዳል።

ታዲያ አንበጣውን የገተረው ብርድ አውሮፕላኑንም አይምርም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,160 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ ቺሮ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ የደጋ አጋዘን መጠበቂያ ተብሎ የተከለለው ኩኒ ሙክታርና ዙሪያው ያሉት ሰንሰለቶች ደግሞ ከዚያም በጣም ይልቃሉ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ከድሬዳዋ በሸሚዝ የተነሣ አብራሪ ጨርጨር ላይ ሲደርስ ጥርሱ ይንገጫገጫል። በንጋት ለመድረስ ደግሞ ዝግጅቱ በጨለማ ያልቃል፤ ጥሩ መካኒክ እንዲያውም የሚጀምረው ማታውኑ ነው።

እስቲ ስለ አንዲት አውሮፕላን ልንገራችሁ። የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1962 በአዲስ አበባ በተፈረመ ስምምነት የተቋቋመ ነው፤ ድሬዳዋም ጣቢያ አለው። ድርጅቱ ለብዙ ዓመታት ከተጠቀመባቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች አንዷ ቢቨር ትባላለች። የካናዳ ሥሪት ናት፤ መጀመሪያ የበረረችው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1947 ቶሮንቶ ላይ ነው። ዘጠኝ ሲሊንደር በክብ የተደረደረበት ባለ 450 የፈረስ ጉልበት ሞተር አላት። የሠሯት ሰዎች የሰሜኑን ክረምት ያውቁ ስለነበር የሞተር ዘይት መሙያዋን ያደረጉት በውስጥ፣ ከአብራሪው አጠገብ ከሚቀመጠው ሰው እግር ሥር ነው። ዘይት ለመጨመር በረዶ ውስጥ ቆሞ መንቀጥቀጥ የለም። ለካናዳ ብርድ የታሰበች አውሮፕላን ለምሥራቅ አፍሪካ ገበሬ ማሳ መዋሏን ሳስብ ልቤ ይሞቃል።

ዘይት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዘይት ሲበርደው በኩኒ ጠዋት ቅል ውስጥ እንደረጋ ቅቤ ይሆናል። ሞተሩ ዞሮ ዘይቱ ሳይደርስ ከቀረ ብረት ብረትን ይፈጫል። ስለዚህ በድሮው ዘመን በሰሜን አገር የሚበሩ ሰዎች ማታ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ዘይቱን ቀድተው ወደ ቤት ያስገቡታል፤ ጠዋት ምድጃ ላይ አሙቀው መልሰው ይሞሉታል። ሞተሩን በሸራ ድንኳን ይሸፍኑና ከሥሩ እሳት ያነዱለታል፤ እሳቱን የሚጠብቅ ሰውም አይለየውም። ዛሬም ብዙ ሞተር ሠሪዎች ሙቀቱ ከዜሮ በታች ከ7 እስከ 12 ዲግሪ ከወረደ አስቀድማችሁ ሳታሞቁ እንዳታስነሡ ይላሉ።

ያንን ብርድና የእኛን ሰማይ ያገናኘ አንድ ሰው ነበር፤ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን። ጣልያን በወረረን ጊዜ ከስዊድን ቀይ መስቀል ጋር መጥቶ በትንሽ አውሮፕላን ቁስለኛ አመላልሷል። እ.ኤ.አ. በ1940 በፊንላንድና በሶቪየት የክረምት ጦርነት ደግሞ ለመንገደኛ የተሠራች ዲሲ-2 አውሮፕላን ቦምብ ጭኖ ለፊንላንድ በረረ። ያ ክረምት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የወረደበት ነው። ከዚያ በኋላ ወደኛ ተመልሶ እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ድረስ ቢሾፍቱ ላይ የኢትዮጵያ አየር ኃይልን መራ፤ የእኛ ልጆች በዚያ በረራን ተማሩ። በ1947 እ.ኤ.አ. ሳፊር የምትባል ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ይዞ ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ድረስ፣ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከ30 ሰዓት በላይ ሳያርፍ መጣ። ብርዱንም ሙቀቱንም በአንድ ጉዞ ማለፍ ማለት ይህ ነው። በረሃብ ዘመን ዳግመኛ መጥቶ መንገድ ለሌለው ተራራ ሕዝብ እህል ከአየር ጥሏል። የሞተው በ1977 እ.ኤ.አ. በሐምሌ፣ ጎዴ ላይ ነው፤ ጎዴም ቺሮም ያኔ አንድ የሐረርጌ ክፍለ ሀገር ነበሩ።

እኛ ዘንድ ሞተር የሚያደርቅ ብርድ የለም። የእኛ ብርድ እርጥብ ነው፤ ተንኮሉም እርጥበቱ ላይ ነው። ሌሊት ታንኩ ጎዶሎ ካደረ በውስጡ ያለው አየር ጤዛ ያወጣና ውሃው ከነዳጁ ሥር ይተኛል። ስለዚህ ታንኩ ማታ ይሞላል፤ ጠዋት ከታች ጥቂት ነዳጅ በጠራ ብርጭቆ ይቀዳና ውሃ አለው የለውም ተብሎ ይታያል። ውሃ ከታየ እስኪጠራ ይቀዳል። በክንፍ ላይ ያደረ ውርጭም አይናቅም። እንደ ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት የሆነ ስስ ውርጭ የክንፉን የማንሣት ጉልበት እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ፣ የአየሩን መጎተት እስከ 40 በመቶ ሊጨምር ይችላል። ክንፉ ማታ በሸራ ይሸፈናል፤ ያልተሸፈነው ጠዋት በእጅ ተጠርጎ እስኪለሰልስ ድረስ አይነሣም።

ከሁሉ የምፈራው ግን የካርቡሬተሩን በረዶ ነው። ነዳጁ በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ ሲተን በዙሪያው ያለውን አየር ሃያና ሠላሳ ዲግሪ ያቀዘቅዘዋል። ውጪው 15 ዲግሪ ሆኖ፣ ጉም የጨርጨርን ሸለቆ ሞልቶት ሳለ፣ እዚያ ጉሮሮ ውስጥ በረዶ ይጋገራል። ሞተሩ ቀስ እያለ ይደክማል፤ ከዛፍ ጫፍ ብዙ በማይርቅ ከፍታ የሚረጭ አብራሪ ደግሞ የሚደክም ሞተር ይዞ የሚወርድበት ቦታ የለውም። መድኃኒቱ በጭስ ማውጫው የሞቀ አየር ወደ ካርቡሬተሩ የሚያስገባ እጀታ ነው፤ ከመነሣት በፊት ይፈተናል፣ በጉም አጠገብም በጊዜ ይሳባል።

አብራሪውም እንደ አውሮፕላኑ ይዘጋጃል። ቀድሞ ይተኛል። የሱፍ ሹራብ ይደርባል፣ ጓንት ያደርጋል፤ አለባበሱ ግን ለሚሞቀው ወንበሩ ሳይሆን ምናልባት ወርዶ ለሚያድርበት ተራራ ነው። ውሃ፣ ክብሪት፣ ብርድ ልብስ ይይዛል። የብዙዎቹ ትንንሽ አውሮፕላኖች ማሞቂያ ሙቀቱን የሚወስደው ከጭስ ማውጫው ዙሪያ ነው። ጭስ ማውጫው ከተሰነጠቀ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገባል፤ አይሸትም፣ አይታይም። ራሱን የከበደው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያለው አብራሪ ማሞቂያውን ዘግቶ መስኮቱን ከፍቶ በቅርቡ ማረፍ አለበት። መካኒኩም ያን ቱቦ በባትሪ ብርሃን ሳያይ አውሮፕላኗን አይለቅም። እነዚህ በጨለማ የሚደክሙ ሰዎች ስማቸው አይነሣም፤ እኔ ግን ማሳ ሲተርፍ ከምስጋናው ድርሻቸው እንዲሰጣቸው እወዳለሁ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ድካም መንጋው የት እንዳደረ ካልታወቀ ከንቱ ነው። አብራሪው በንጋት ተነሥቶ ሸለቆ ለሸለቆ ሲፈልግ ነዳጁም ብርዱም ያልቁበታል፤ ፀሐይ ትሞቃለች፣ አንበጣው ይነሣል። ያደረበትን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። አንበጣ ዳግም በመጣ ጊዜ፣ አባቶችና እናቶች፣ ከብት የምትጠብቁ ልጆችም፣ ሲመሽ የሰፈረበትን ልብ በሉ፦ የትኛው ቀበሌ፣ የትኛው ተረተር፣ ምን ያህል ስፋት፣ ዛፍ ላይ ነው ማሽላ ላይ። ኬሚካሉ ንብ ስለሚገድል የንብ ቀፎ ያለበትንም አብራችሁ ተናገሩ፤ ከብቶቹንም ከዚያ አርቁ። ነገ ጠዋት አትበሉ፤ በዚያው ማታ ለቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ ደውሉ።