ነፃው ኮርስና መምህሩ

ትምህርትን ከክፍል ግድግዳ ውጭ ለማድረስ የተደረገው ጥረት በኢንተርኔት አልተጀመረም። በፖስታ ይላክ የነበረው የተልእኮ ትምህርት፣ ቀጥሎም የሬዲዮና የቴሌቪዥን ትምህርት ቀድመውት መጥተዋል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2011 መገባደጃ ሴባስቲያን ትሩንና ፒተር ኖርቪግ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሰጡትን ኮርስ ያለ ክፍያ ለማንም ክፍት ባደረጉ ጊዜ 160,000 ያህል ሰዎች መመዝገባቸው ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ነበር።

በማርች 2012 ደግሞ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም.አይ.ቲ.) ስለ ኤሌክትሪክ ሰርኪትና ኤሌክትሮኒክስ የሚያስተምረውን ኮርስ በዚሁ መንገድ አቀረበ። የተመዘገቡት 154,763 ነበሩ። የመጀመሪያውን የቤት ሥራ የሞከሩት ግን 26,349 ብቻ ሲሆኑ፣ ከ14 ሳምንታት በኋላ ለሰርተፊኬት የበቁት 7,157 ናቸው። ይህ ቊጥር ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም ብሎ ማጣጣል ይቻላል፤ አንድ መምህር በዕድሜ ልኩ ሊያስተምር የማይችለው የተማሪ ብዛት በአንድ ጊዜ ትምህርቱን ፈጸመ ብሎ ማድነቅም ይቻላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የሚበልጠው ጥያቄ ግን የፈጸሙት በማን እርዳታ ፈጸሙ የሚለው ነው። ኮርሱ ገንዘብ ባይጠይቅም የካልኩለስና የፊዚክስ ዕውቀት ይጠይቅ ነበር፤ የኮምፒዩተሩና የመብራቱ ነገርማ ሳይነሣ ይታለፍ።

ፍጹም ውጤት ካገኙት 340 ተማሪዎች አንዱ በሞንጎሊያ ዋና ከተማ በኡላንባታር የሚኖር የ15 ዓመት ልጅ ነበር። የልጁ ተሰጥዖ የሚካድ አይደለም። ሆኖም የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ራሳቸው የኤም.አይ.ቲ. ምሩቅ ነበሩ፤ ከስታንፎርድም አንድ ወጣት ምሁር የቤተ ሙከራ ዕቃ ይዘው በመምጣት ተማሪዎቹን በእጃቸው እያሠሩ አስተምረዋል።

በካሊፎርኒያ የሳን ሆሴ ስቴት ዩኒቨርሲቲም ይኸው ነገር በሌላ መልክ ታየ። በ2012 መገባደጃ በአንድ ክፍል የኤም.አይ.ቲ.ን የቪዲዮ ትምህርት ተማሪዎች አስቀድመው እየተመለከቱ፣ የክፍሉ ሰዓት ከመምህሩ ጋር ለጥያቄና ለልምምድ እንዲውል ተደረገ። ከእነዚህ ተማሪዎች 91 በመቶ አለፉ፤ በተለመደው ዘዴ ከተማሩት ያለፉት ከ60 በመቶ በታች ነበሩ። በ2013 መጀመሪያ ያው ዩኒቨርሲቲ ከዩዳሲቲ ኩባንያ ጋር፣ በመጠነኛ ክፍያ፣ ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት የሚሰጡ ኮርሶችን ሲሞክር ግን ውጤቱ ዝቅ አለ፤ በጁላይም ሙከራው ለጊዜው እንዲቆም ተወሰነ።

ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የዚያው ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና ክፍል መምህራን የሃርቫርዱ ማይክል ሳንዴል ስለ ፍትሕ ያስተማሩትን የተቀረጸ ትምህርት በክፍላቸው አንጠቀምም ሲሉ ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። የሠጉት የባለጠጋው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመምህሩ ጋር ፊት ለፊት ሲከራከር፣ የሌላው ተማሪ ያንን ክርክር በምስል እየተመለከተ እንዳይቀር ነው። ሳንዴልም በሰጡት መልስ፣ ትምህርታቸው በሌላ ተቋም ያሉትን የሙያ ባልደረቦቻቸውን ለመጉዳት እንዲውል ፈጽሞ እንደማይሹ ገለጹ።