መብቱ የማን ነበር?

ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ስታነቡ «የግዛቶች መብት» የሚል ሐረግ ይገጥማችኋል። የደቡቦች ብቻ አሳብ ይመስላል። ነገር ግን ከዚያ በፊት ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የኖረ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1798 የፕሬዚዳንት አዳምስ መንግሥት ባለ ሥልጣናትን በጽሑፍ የሚነቅፉትን የሚያስቀጣ ሕግ አወጣ፤ ጋዜጠኞችም ታሰሩ። ያን ጊዜ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው ቶማስ ጀፈርሰን ስሙን ደብቆ ለኬንታኪ ምክር ቤት የውሳኔ ረቂቅ ጻፈ፦ ከሥልጣኑ ያለፈ የፌዴራል ሕግ ዋጋ የለውም፤ ይህንንም የመዳኘት መብት የግዛቶቹ ነው።

በ1807 ያው ጀፈርሰን ፕሬዚዳንት ሆኖ የውጭ ንግድን ዘጋ። የኒው ኢንግላንድ መርከቦች ወደብ ላይ ቆመው ቀሩ። አሁን ስለ ግዛት መብት የሚጮኹት ሰሜኖቹ ሆኑ! በ1814 መጨረሻ፣ አገሪቱ ከብሪታንያ ጋር ስትዋጋ፣ 26 ልዑካን ሃርትፎርድ ላይ በዝግ መከሩ። መገንጠልን የሚያወሩ ነበሩ፤ ጉባኤው ግን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጠይቆ ተበተነ። መልእክተኞቹ ዋሽንግተን ሲደርሱ የሰላሙ ውልና የኒው ኦርሊንስ ድል ወሬ ጠበቃቸውና መሳቂያ ሆኑ።

በ1832 ደግሞ ሳውዝ ካሮላይና የቀረጡን ሕግ ሽሬአለሁ፣ በኃይል ብትመጡብኝ እገነጠላለሁ አለች። አሳቡን ያዋቀረው ጆን ካልሁን በ1816 ቀረጥን ደግፎ የተከራከረ ሰው ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን በ1830 ለወዳጁ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ቀረጡ ሰበብ እንጂ ዋናው ምክንያት እንዳልሆነ፣ ከበስተ ጀርባው ባርነት እንዳለ በዚያ ጠቁሟል። በዚያ ዘመን ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሳውዝ ካሮላይና ሕዝብ ባሪያ ነበር፤ ስለ መብት ሲመከርም ማንም አልጠየቃቸውም።