አቅኚና መጤ፦ አንድ ሰው በሁለት ስም

ዛሬ ከዕለቱ ፖለቲካ ራቅ ብለን አራት መቶ ዓመት ወደ ኋላ እንጓዝ። የራቅን ቢመስለንም መመለሻችን ያው የዕለቱ ፖለቲካ መሆኑ አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ1607 አንድ መቶ ያህል እንግሊዛውያን ውቅያኖስ ተሻግረው በቨርጂኒያ ጄምስታውን የተባለውን ሰፈር መሠረቱ። በዚያው ዓመት በአገራችን ዐፄ ሱስንዮስ ዙፋኑን ያዙ። ሱስንዮስ በልጅነታቸው በኦሮሞዎች ተማርከው ከእነርሱ ጋር የኖሩ፣ ቋንቋቸውንና የጦር ስልታቸውን የተማሩ ንጉሥ ነበሩ። ከነገሡም በኋላ ከተከተሏቸው የኦሮሞ ወገኖች ብዙዎቹ በጎጃም እንዲሰፍሩ አደረጉ። ሁለቱ ክስተቶች አንዱ ከሌላው ጋር የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም። የሁለቱን ሰፋሪዎች የልጅ ልጆች ግን ጎን ለጎን ማስተያየት ብዙ ያስተምራል።

ዛሬ አንድ አሜሪካዊ ከእንግሊዝ የመጣ ቀደምት አባቱን ሲፈልግ የደብር መዝገብ፣ ኑዛዜና የፍርድ ቤት ሰነድ ያገላብጣል። በቨርጂኒያ ደግሞ አንድ ልዩ ምንጭ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1618 ጀምሮ የአንድን ስደተኛ የመርከብ ዋጋ ለከፈለ ሰው 50 ኤከር፣ ማለትም 20 ሄክታር ያህል መሬት ይሰጥ ስለ ነበር፣ መሬት ጠያቂው ያሻገራቸውን ሰዎች ስም ማስመዝገብ ነበረበት። ያ ምስኪን አገልጋይ ስሙ እስከ ዛሬ የቆየለት ራሱ ታሪክ ስለ ሠራ አይደለም፤ በስሙ መሬት የጠየቀ ሰው ስለ ነበረ ነው።

በጎጃም የሆነውም፣ መዝገቡ ብራና ሳይሆን የሽማግሌ ልብ መሆኑ እንጂ፣ ከዚህ የራቀ አይደለም። የዘር ቆጠራ በእኛ ዘንድ የእሳት ዳር ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነበር። በርስት ሥርዓት ገበሬው መሬት የሚጠይቀው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለዱን በማስረዳት ነበር። ያውም በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል፤ ስለዚህ ስምንቱ ቅድመ አያቶቹ ስምንት የተለያዩ በሮች ሊሆኑለት ይችሉ ነበር። አላን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በደጋ ዳሞት ያደረገውን ጥናት በ1973 በመጽሐፍ አሳትሞ ይህንኑ አሳይቶናል፤ የትውልድ ሐረግ በቃል ተጠብቆ የኖረው በክርክር ነው። «ርስት በሺህ ዓመት ለባለቤት» የሚለው ብሂል ባዶ ፉከራ አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ጠመንጃ ያነሣው፣ ግብሩ ስለ ከበደበት ብቻ ሳይሆን መሬቱ ከተለካ ርስቱ የሚነጠቅ ስለ መሰለው ጭምር ነበር።

የእኔ ወገኖች ከመራዊ ዙሪያ ናቸው። ተማሪ ሳለሁ፣ በርስት ችሎት የሸመገሉ አንድ የእናቴ አጎት ሐረጋችንን ያስቆጥሩኝ ነበር። በአንዱ መስመር አሥረኛው አባት ላይ ሲደርሱ በአማርኛ ትርጉም የማይገኝለት፣ ለአፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ግን ግልጽ የሆነ ስም ይመጣል። በሌላው መስመር የሚጠሩት አቅኚ ደግሞ «ከዓባይ ማዶ የመጣ» ይባላል። ሽማግሌው በሁለቱም አላፈሩም። እንዲያውም ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉት እዚያ ላይ ነበር፤ በችሎት ፊት «መጣ፣ አቀና» ማለት የባለቤትነት ማስረጃ ነበርና።

ይህ የአንድ ቤት ወግ እንዳይመስላችሁ የአገሩን ስም እንጠይቅ። መራዊ ያለችበት ምድር ሜጫ ይባላል፤ ሜጫ ደግሞ ዛሬ በወለጋና በምዕራብ ሸዋ የሚኖር ታላቅ የኦሮሞ ወገን ስም ነው። ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ ብንወርድ ያለነው በዳሞት ነው። በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል የሚወሳው የሞተለሚ ዳሞት ግን ከዓባይ በስተደቡብ ነበር፤ ስሙም ሰዉም በኦሮሞ መስፋፋት ዘመን ወንዙን ተሻግሮ ወደ ጎጃም የገባ ነው። ጋፋቶችም እንደዚሁ ተሻግረው ነበር። ከዚያም ቀስ በቀስ ቋንቋቸውን ረስተው አማርኛ ተናጋሪ ሆኑ። ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1947 ጎጃም ውስጥ ብዙ ደክሞ ያገኛቸው የጋፋትኛ ተናጋሪዎች አራት ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ገፊውም ተገፊውም በአንድ ደጋ ላይ ሰፍረው፣ ተጋብተው፣ ዛሬ «የጎጃም አማራ» የምንለውን ሕዝብ ወለዱ። በእናትም በአባትም ለሚቆጥር ሰው ከሁለቱ ከአንዱ ብቻ መወለድ የሚቻል አይመስለኝም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ርስት አበቃ፤ ከርስትም ጋር የመቁጠሪያው ምክንያት አበቃ። አዋጁ በደቡብ ለነበረው ጭሰኛ ነፃነት ነበር፤ እኔም ርስት ይመለስልን አልልም። ነገር ግን ስምንቱን በሮች የሚያውቁ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ሲያልፉ፣ ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ የመጣው ፖለቲካ ለእያንዳንዳችን አንድ በር ብቻ ሰጠን፤ በሌላ ደጅ የተገኘውንም «መጤ» አለው። በ2004 ዓ.ም. ከጉራ ፈርዳ፣ በ2005 ዓ.ም. ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ አማሮች ተፈናቀሉ። በ2010 ዓ.ም. ከሶማሌ ክልል በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ ኦሮሞዎች ተሰደዱ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ አማሮች ተጨፈጨፉ። አስቡት፤ ወለጋ ላይ «መጤ» የተባለው ሰው አያት ከዚያው ከዓባይ ማዶ የተሻገረ ሊሆን ይችላል፤ የሜጫው ገበሬ አያት ደግሞ የገዳዩ አያት ወንድም!

«ታዲያ የጥንቱ ባለ አገርስ መብት የለውም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ማቅናት ሁልጊዜ ንጹሕ ሥራ አልነበረም። ለጄምስታውን ሰፋሪ ክብር የከፈሉት የፖውሃታን ሕዝቦች ናቸው። ከጎጃም ደጋ ወርዶ ጉሙዝን ለባርነት የፈነገለም ሰው ነበረ፤ የመተከል ሰው ይህን ቢያስታውስ ሊፈረድበት አይገባም። በደሉን ማመን ግን አንድ ነገር ነው፤ የበደለኛ ወገን ነው ተብሎ ያልበደለውን አራሽ ከጎጆው ማውጣት ሌላ። ለመጀመሪያው ታሪክ ያስፈልጋል፤ ለሁለተኛው የሚያስፈልገው ታሪክን መርሳት ነው።

አቅኚና መጤ ሁለት ሰዎች አይደሉም። የራሳችንን አያት አቅኚ፣ የጎረቤታችንን አያት መጤ የምንለው እኛ ነን። የርስት ሽማግሌዎቻችን የፊውዳል ዘመን ሰዎች ነበሩ፤ ቢያንስ ግን አያታቸው ከየት እንደ መጣ ያውቁ ነበር፤ ማወቃቸውንም አልደበቁም። ስለዚህ አያት ያላችሁ አንባቢያን፣ በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው፤ በእናትም በአባትም ይቁጠሩላችሁ፤ ጻፉትም። ዓባይን ያልተሻገረ አያት የሚገኝበት ቤት ብዙ አይሆንም።