ጨጓራን ያየው መሣሪያ ባክቴሪያውን ለምን አላየም?

እ.ኤ.አ. በ1868 ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል የሕያው ሰው ጨጓራን ከውስጥ ለማየት ሲነሳ፣ ቀጥ ያለውን የብረት ቱቦ የሚችልለት ሰው ያገኘው ከትርዒተኞች መካከል ነው፤ ሰይፍ መዋጥ እንጀራው የሆነ ሰው። ቱቦው ገባ፤ ብርሃኑ ግን ደካማ ስለነበር ብዙም አልታየም።

መሣሪያው ቀስ በቀስ ተሻሻለ። በ1932 ሩዶልፍ ሺንድለር በከፊል የሚተጣጠፍ መመልከቻ አስተዋወቀ። በ1957 ባዚል ሂርሾዊትዝ ምስልን በቀጫጭን የመስታወት ክሮች የሚያስተላልፍ ኢንዶስኮፕ ይዞ መጣ። ሐኪሞች የቀላውንና የቆሰለውን ጨጓራ በዓይናቸው አዩ።

መንስኤውን ግን አላዩም። አሲድ በሞላበት ጨጓራ ባክቴሪያ አይኖርም የሚለው እምነት ሥር ሰድዶ ነበርና፣ ጥፋቱ በጭንቀት፣ በቅመምና በአሲድ ላይ ተላከከ። ዕዳውን የከፈለው ታማሚው ነው። አሲድ መቀነሻውን ሲያቆም ቁስሉ ያገረሽበታል፤ የባሰበት ደግሞ የጨጓራው ክፍል በቀዶ ጥገና ይወጣለት ነበር።

በ1979 በአውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ፣ የፓቶሎጂ ሐኪሙ ሮቢን ዋረን ከጨጓራ በተወሰደ ናሙና ላይ ጠምዘዝ ያለ ባክቴሪያ አስተዋለ። ባሪ ማርሻል አብሮት ሠራ። የሚያምናቸው ሲያጡ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣ፤ ታመመም። የተነሳለት ናሙና የጨጓራ ብግነት አሳየ። በ2005 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ባክቴሪያው ዛሬ ኤች ፓይሎሪ የምንለው ነው፤ ከ1994 ጀምሮም ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመድቧል።

ከዚህ በኋላ ያው የቀድሞው ምስል ሌላ ነገር መናገር ጀመረ። የጃፓን ሐኪሞች በጤነኛ ጨጓራ ላይ በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን የደም ሥሮች እንደሚታዩ፣ ባክቴሪያው ባለበት ግን ይህ ሥርዓት እንደሚጠፋ ለዩ። ዛሬ ኮምፒውተርም ይህን ምልክት እንዲያነብ ይሠለጥናል።

ቢሆንም ምስል ይጠቁማል እንጂ አያረጋግጥም። ማረጋገጫው የናሙና፣ የትንፋሽ ወይም የሰገራ ምርመራ ነው።

ኤች ፓይሎሪ በስፋት በሚገኝባት ኢትዮጵያ ዛሬም ቀድሞ የሚከሰሰው በርበሬ ነው። «ጨጓራ አለብዎ» ተብሎ የአሲድ መድኃኒት ብቻ ይዞ የሚመለስ ሰው ሐኪሙን ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ባክቴሪያው ተመርምሯል?