የድምፅ ቁራጭ አርትዖት

የድምፅ ቁራጭ አርትዖት በሙዚቃ መቅጃ ሶፍትዌር የተቀዳን ድምፅ የመቁረጥ፣ የማንቀሳቀስ፣ የመቀጠልና የማስተካከል ሥራ ነው። የተቀዳው ድምፅ በኮምፒውተሩ ገጽ ላይ ሞገድ የተሳለበት ሳጥን ሆኖ ይታያል፤ ይህ ሳጥን ቁራጭ ወይም «ክሊፕ» ይባላል። ቁራጮች በጊዜ ቅደም ተከተል የሚደረደሩበት መስመር ደግሞ «ትራክ» ነው። ቀድሞ የትልልቅ ስቱዲዮዎች ብቻ የነበረው ይህ ሥራ ዛሬ በኮምፒውተር፣ በማይክራፎንና በጆሮ ማዳመጫ በቤት ውስጥ ይሠራል። ስለዚህ እንደ ወልቂጤና ቡታጅራ ባሉ ከተሞች የሚኖር ድምፃዊ ዘፈኑን ለመቅዳት የግድ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልገውም።

ታሪክ

ከኮምፒውተር በፊት ድምፅ የሚቆረጠው ማግኔታዊ ቴፕን በምላጭ ቆርጦ በማጣበቅ ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ባቋቋመበት ዘመን በአዲስ አበባ አብዛኛው ዘፈን የሚቀዳው ባንዱና ድምፃዊው አንድ ላይ እየተጫወቱ ስለነበር፣ አንዱ ሲሳሳት ሁሉም እንደገና ይጀምራል። ለዚህ ኩባንያ ከተጫወቱት አንዱ የጉራጌ ተወላጁ ማሕሙድ አሕመድ ነው። በኋላ ፕሮ ቱልስ እ.ኤ.አ. በ1991፣ ፍሩቲ ሉፕስ (የዛሬው ኤፍኤል ስቱዲዮ) በ1997፣ በነፃ የሚገኘው ኦዳሲቲ ደግሞ በ2000 ወጡ።

ዋና ዋና ሥራዎች

* መከፋፈል፦ አንዱን ቁራጭ ለሁለት መቁረጥ። ለምሳሌ በሁለት ስንኞች መካከል የገባ ሳል ተነጥሎ ይወጣል።
* ጫፍ ማሳጠር፦ የቁራጩን መነሻ ወይም መድረሻ መሳብ። በብዙ ሶፍትዌሮች የተደበቀው ድምፅ ስለማይጠፋ ጫፉን መልሶ መሳብ ይቻላል።
* ማደብዘዝ፦ ድምፁ ቀስ ብሎ እንዲገባ ወይም እንዲወጣ ማድረግ። ሞገዱ ከዜሮ መስመር ርቆ ሳለ ከተቆረጠ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ጥቂት ሚሊሴኮንድ ማደብዘዝ ይህን ያስቀራል።
* ማቀላቀል፦ የሁለት ቁራጮችን ጫፍ አደራርቦ አንዱ ሲደበዝዝ ሌላው እንዲጎላ ማድረግ።
* መምረጥ፦ አንድን ስንኝ ደጋግሞ ዘፍኖ ከየሙከራው ጥሩውን ቃል ወይም ሐረግ በአንድ ትራክ ላይ መገጣጠም። ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ለመቀጠል ይመቻል፤ ትንፋሹን ጨርሶ ማጥፋት ግን ዘፈኑን ሰው ያልዘፈነው ያስመስለዋል።

ምትና ቅኝት

የጉራጌ ዘፈን ፈጣን ነው፤ ጭብጨባም አይለየውም። በደቂቃ 150 ምት ባለው ዘፈን ከአንዱ ምት እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ 0.4 ሴኮንድ ብቻ ስለሆነ፣ ቁራጭ በ0.05 ሴኮንድ ቢንሸራተት የምቱን አንድ ስምንተኛ ያህል ይስታል። የብዙ ሰው ጭብጨባ እኩል የሚያርፍ ቢመስልም በመካከሉ ጥቃቅን ልዩነት አለ፤ የሕዝብ ድምፅ የሚያስመስለውም ይኸው ነው። አንድ ጭብጨባ ብቻ ቀድቶ መደጋገም ወይም ሁሉንም በሶፍትዌሩ የምት መስመር ላይ ማስገደድ ይህን ያጠፋል። የተሻለው መንገድ አራት ወይም ስምንት ምት የሚሸፍን ረዘም ያለ ቁራጭ ወስዶ መነሻውን ብቻ ማስተካከል ነው።

የቅላጼ ማረሚያም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማረሚያው ብዙ ጊዜ የሚከተለው የፒያኖን የድምፅ ርቀት ሲሆን፣ ክራርና መሰንቆ ግን በተጫዋቹ ጆሮ ይቃኛሉ። ስለዚህ አንድ ድምፅ በማረሚያው ሚዛን ስሕተት ቢመስልም በአንቺሆዬ ወይም በባቲ ቅኝት ትክክል ሊሆን ይችላል።

ፋይል አያያዝ

በ48,000 ኸርዝና በ24 ቢት የተቀዳ አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ 8.64 ሜጋባይት ይይዛል፤ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ባለ አሥር ትራክ ዘፈን 432 ሜጋባይት ይሆናል። የሥራው ፋይል በብዙ ሶፍትዌሮች የሚይዘው የቁራጮቹን ቦታና ቅደም ተከተል እንጂ ድምፁን አይደለም። እሱን ብቻ በፍላሽ ይዞ ወደ ሌላ ስቱዲዮ የሄደ ሰው ባዶ ሳጥን ያገኛል፤ መቅዳት ያለበት ሙሉው ፎልደር ነው። መብራት በድንገት በሚጠፋበት ቦታ በየጥቂት ደቂቃው ማስቀመጥና የመጀመሪያውን ቅጂ በሌላ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል፤ ደግመው ለመዝፈን የማይችሉ አዛውንት ድምፅ ከጠፋ በአርትዖት አይመለስም።

የቅጂ መብት

በኢትዮጵያ የሙዚቃ ደራሲያን፣ የከዋኞችና የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሮች መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 እና በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ይጠበቃል። ከሌላ ሰው ዘፈን ቁራጭ ወስዶ በራስ ሥራ ውስጥ አስገብቶ ለገበያ ማውጣት የባለመብቶቹን ፈቃድ ይጠይቃል።