የኪልሞሪ ሸለቆ፦ እንዲለቀቅ የተደረገ ምድር ታሪክ

በስኮትላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ስካይ ከተባለው ትልቅ ደሴት በስተደቡብ፣ አራት አነስተኛ ደሴቶች ተቀራርበው ይገኛሉ። ከአራቱ በስፋት የሚበልጠው ራም ይባላል። የቆዳ ስፋቱ 105 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የነዋሪዎቹ ቁጥር ግን ከሃምሳ አይበልጥም፤ እነርሱም የሚኖሩት በምሥራቅ በኩል ኪንሎክ በተባለችው አንዲት መንደር ተሰብስበው ነው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር የተጓዘ ሰው ኪልሞሪ ከተባለው ሸለቆ ይደርሳል። በዚያም የሚታየው የቀይ አጋዘን መንጋ፣ ረግረግ፣ የአስታ ዘመድ የሆነው ሄዘር የተባለው ቁጥቋጦ፣ ከዚያም ማዶ ባሕሩና የስካይ ተራሮች ናቸው። ይህን የተመለከተ ጎብኚ ተፈጥሮ እንደ ጥንቱ ሳትነካ የቀረችበትን ስፍራ ያገኘ ይመስለዋል። ግምቱ ግን የተሳሳተ ነው። ኪልሞሪ ሰው እንዲለቀው የተደረገ ምድር ነው፤ የተለቀቀበትም ዓመት በትክክል ይታወቃል። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ የተሰጡት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የራም ተራሮች ከ60 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በዚህ ቦታ የነበረው እሳተ ገሞራ ሥር ናቸው። የላይኛው አካል በዝናብ፣ በነፋስና በበረዶ ግግር ተሸርሽሮ ሲያልቅ፣ ቀድሞ ከመሬት በታች ቀልጦ ተኝቶ የነበረው ጥቁር አለት ወደ ላይ ተገልጦ ቀረ። ከሁሉ የሚረዝመው አስኪቫል 812 ሜትር ከፍታ አለው። አስኪቫል፣ ሃሊቫል፣ ትሮላቫል የሚሉት ስሞች ጌልኛ አይደሉም፤ ከሺህ ዓመት በፊት በመርከብ ከኖርዌይ የመጡ ሰዎች የተዉአቸው ናቸው። መጨረሻቸው ላይ ያለው «ቫል» በእነዚያ ሰዎች ቋንቋ ተራራ ማለት ነበር። መርከበኞች ከባሕር ሆነው አቅጣጫቸውን የሚለዩት በተራሮቹ ጫፍ ስለሆነ ከፍታዎቹ የእነርሱን ስም ይዘው ሲቀሩ፣ ከብት የሚጠበቅባቸውና ውኃ የሚቀዳባቸው ዝቅተኛ ስፍራዎች በአብዛኛው የጌልኛ ስም አላቸው። በእነዚሁ ተራሮች አናት ላይ ማንክስ ሺርዎተር የሚባሉ የባሕር ወፎች አፈሩን ቆፍረው በብዙ አሥር ሺዎች ጥንድ እየሆኑ ይራባሉ። የወፎቹ ኩስ አፈሩን ስለሚያዳብረው ዝቅ ብሎ ያለው ረግረግ ቡናማ ሆኖ ሳለ ከላይ ያለው ጫፍ አረንጓዴ ሣር ለብሶ ይታያል።

የሰው ልጅም በደሴቱ ላይ እንግዳ አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ በኪንሎክ በተካሄደው ቁፋሮ ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች በዚያ ሰፍረው እንደነበር ታውቋል። እነዚህ ሰዎች በደሴቱ ምዕራብ ካለ ኮረብታ ቀይ ነጠብጣብ ያለበትን አረንጓዴ ድንጋይ እያወጡ የመቁረጫና የአደን መሣሪያ ይሠሩበት ነበር፤ የዚሁ ድንጋይ ስባሪ በአጎራባች ደሴቶችም ተገኝቷል።

ኪልሞሪ የሚለው ስም በጌልኛ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬ የለም፤ መስቀል የተቀረጸበት ጥንታዊ ድንጋይና የመቃብር ስፍራው ግን ከወንዙ መውረጃ አጠገብ ይገኛሉ። በአካባቢውም የፈረሱ የድንጋይ ቤቶች መሠረት አለ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል መሬቱን በትኩረት የተመለከተ ሰው ሣሩ ሥር ትይዩ ሆነው የሚወርዱ ጉብታዎችንና ቦዮችን ያያል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እነዚህን ትልሞች «የሰነፍ መደብ» ብለው ሰይመዋቸዋል። ከዚህ የበለጠ ፍትሕ የጎደለው ስያሜ ማግኘት ያስቸግራል። በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ በሚወርድበት አገር፣ አለቱ ላይ በስሱ የተነጠፈው አፈር ብቻውን እህል አያበቅልም። ስለዚህ ገበሬው ከባሕር ዳር የባሕር አረም በጀርባው ተሸክሞ ያመጣና በመደዳ ያነጥፋል፤ ከዚያም ግራና ቀኝ ያለውን አፈር በእግር በሚገፋ ማረሻ እየገለበጠ በአረሙ ላይ ይከምራል። አፈሩ የተነሣበት ጎድጓዳ ውኃ ማፍሰሻ ቦይ ይሆናል፤ የተከመረውም ከፍ ብሎ ደርቆ አጃ፣ ገብስና ድንች ይቀበላል። መሬቱ ተዳፋትና ድንጋያማ ስለሆነ በሬ የሚጠመድበት ቦታ ጥቂት ነበር። እያንዳንዱ መደብ እንግዲህ በሰው ትከሻ የተሠራ አፈር ነው።

በበጋ ደግሞ ሴቶችና ልጆች ከብቱን እየነዱ ወደ ከፍታው ይወጡና በትናንሽ የድንጋይ ጎጆዎች እየሰነበቱ ወተት ያልባሉ፣ ቅቤና አይብ ያዘጋጃሉ። በታች ያለው ሰብል በዚህ ጊዜ ከከብት ይጠበቃል። የእነዚህ ጎጆዎች ፍርስራሽ በደሴቱ ላይ ተቆጥሮ ከ300 በላይ ተገኝቷል። ዛሬ አንድም ሰው የማያድርባቸው ኮረብታዎች በየዓመቱ ለተወሰኑ ወራት የሰው ድምፅ የሚሰማባቸው ነበሩ ማለት ነው።

ይህን ሲሉ ያለፈውን ኑሮ እንደ ገነት መሳል አይገባም። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የደሴቱ ሕዝብ ከ400 በላይ ደርሶ ነበር። በዚያው ዘመን የጥንቱ ደን ተመናምኖ አልቋል፤ የደሴቱ ቀይ አጋዘንም ጠፍቷል። ሕዝቡ ድኻ ነበር፤ መሬቱም የእርሱ አልነበረም። ገበሬው ሁሉ ማክሊን ኦቭ ኮል ለተባለው ባላባት ኪራይ የሚከፍል ጭሰኛ ነበር።

ከ1815 በኋላ፣ ከናፖሊዮን ጋር የተደረገው ጦርነት ሲያበቃ፣ የከብት ዋጋና ከባሕር አረም አመድ የሚገኘው ገቢ በደሴቶቹ ሁሉ ወደቀ። የራም ጭሰኞችም ኪራያቸውን መክፈል አቃታቸው። ባላባቱ ውዝፉን ከድኾች ከመጠበቅ ይልቅ ደሴቱን በሙሉ ለአንድ በግ አርቢ ማከራየት እንደሚሻለው ወሰነ። ተከራዩም የገዛ ዘመዱ ዶክተር ላክላን ማክሊን ነበር። በ1825 ጭሰኞቹ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ለቅቀው እንዲወጡ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። በሐምሌ 1826 ሦስት መቶ ያህል ሰዎች በሁለት መርከቦች ተጭነው በካናዳ ወደምትገኘው ኬፕ ብሬተን ተላኩ። ከቀሩትም አብዛኞቹ በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ተከተሏቸው። የመሳፈሪያው ገንዘብ ከባላባቱ ወገን ተከፍሏል፤ የኪራይ ውዝፉም ተሰርዟል። ከዚህ የተነሣ ጉዳዩን እንደ በጎ አድራጎት የቈጠሩ አልጠፉም። ይሁን እንጂ በ1827 ስለ ስደት ጉዳይ ለተቋቋመው የፓርላማ ኮሚቴ ጉዞውን ያሰናዳው ወኪል ቀርቦ ሲጠየቅ፣ ከሰዎቹ አንዳንዶቹ ወደው እንደሄዱ፣ ሌሎቹ ግን የአባቶቻቸውን አገር መልቀቅ እንዳልወደዱ በግልጽ መስክሯል። ለአንድ ሰው የወጣው ወጪ ተሰልቶ በዚያው መዝገብ ሰፍሯል።

ከሰዎቹ በኋላ ስምንት ሺህ ያህል በግ ገባ። ደሴቱ እንደዚያ ባዶ ከሆነ በኋላ ለበጎቹ እረኛና ለሥራ ጉልበት ስለጠፋ፣ ተከራዩ ከሌሎች ደሴቶች ጥቂት ቤተ ሰቦችን ማስመጣት ግድ ሆነበት። የበግ ሥጋና ሱፍ ዋጋ ሲወድቅም እርሱ ራሱ ከስሮ ከደሴቱ ወጣ። ይህ ሁሉ የተፈጸመው አንድ ልጅ ተወልዶ ለአካለ መጠን በሚደርስበት ጊዜ ውስጥ ነው። በ1840ዎቹ በደሴቱ ያለፈው የሥነ ምድር ጸሐፊ ሂዩ ሚለር ሣር የወረሰውን እርሻና ጣሪያ የሌላቸውን ቤቶች በምሬት ገልጾ ጽፏል። የአለቶቹን ዕድሜ ለማጥናት የመጣው ሰው ዐይኑ በቅርቡ ፍርስራሽ ላይ ማረፉ የሚያስገርም አይደለም።

በ1845 ደሴቱን የገዛው የሶልዝበሪ መኰንን አጋዘንን ከውጭ አስመጥቶ መልሶ አሰራጨ፤ የዓሣውን ወንዝ ለማሻሻል ያስገነባው ግድብ ግን ውኃው ጥሶት ሄደ። በ1888 ደግሞ ራም በላንካሽየር የጨርቃ ጨርቅ ማሽን እየሠሩ ለበለጸጉት ለበሎ ቤተ ሰብ ተሸጠ። ልጅየው ጆርጅ በሎ በኪንሎክ ከቀይ ድንጋይ ግንብ ሲያሠራ፣ ለአትክልት ስፍራው የሚሆን አፈር ከኤርሽየር በመርከብ አስጭኖ አመጣ። የባሕር አረም ተሸክመው አፈር የሠሩት ሰዎች ከተባረሩ ገና መቶ ዓመት አልሞላም ነበር። ኪልሞሪም በዚህ ዘመን የግንቡ ልብስ የሚታጠብበት ሆነ። ራም ያለ ፈቃድ የማይረገጥ የአደን ርስት በመሆኑ «የተከለከለው ደሴት» የሚል ስም አተረፈ።

በ1957 ደሴቱ ለመንግሥት የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተሽጦ ብሔራዊ ጥብቅ ስፍራ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሥራ የሚናቅ አይደለም። ከአንድ ሚሊዮን በላይ የአገሩ ዛፎች ተተክለዋል፤ ከብሪታንያ ጠፍቶ የነበረው ባለ ነጭ ጅራት የባሕር ንስር ከ1975 እስከ 1985 ጫጩቶች ከኖርዌይ እየመጡ በራም በመለቀቃቸው ተመልሶ ተራብቷል። በ1953 የተጀመረው የቀይ አጋዘን ጥናት በኪልሞሪ እስከ ዛሬ ቀጥሏል። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሸለቆው አጋዘን አይገደልም፤ በዚያ የሚወለደው እያንዳንዱ ግልገል እናቱ፣ ክብደቱና የተወለደበት ቀን ይመዘገባል። በዚህም ምክንያት በ2019 የወጣ ጥናት አጋዘኖቹ ከቀድሞው ቀደም ብለው መውለዳቸው የአየሩ መሞቅ ብቻ ሳይሆን በከፊል የዘር ለውጥም ውጤት መሆኑን ለማሳየት ችሏል።

ሆኖም አጋዘኖቹ አዘውትረው የሚግጡት አጭርና ለምለም ሣር የት እንደሚበቅል ልብ ማለት ያሻል። ከወንዙ መውረጃ አጠገብ፣ የዛጎል አሸዋ ባለበትና መንደሩ በነበረበት ሜዳ ላይ ነው። ሸለቆውን የተፈጥሮ ቤተ ሙከራ ብሎ መጥራት ልማድ ሆኗል፤ ነገር ግን ሙከራው የሚካሄደው ሰው አርሶና ከብት አርብቶ በለወጠው፣ ባላባት ባስለቀቀውና በግ በጋጠው መሬት ላይ ነው። ካርታ አንሺም ሆነ የደን ባለሙያ ይህን መሬት «ባዶ» ብሎ ሲመዘግብ፣ ሳያስበው የ1826ን ውሳኔ እንደ ተፈጥሮ ሕግ አድርጎ ማጽደቁ ነው።

ከ2009 ጀምሮ በኪንሎክ ዙሪያ ያለው መሬትና ቤቶች በደረጃ ለነዋሪዎቹ ማኅበር ተላልፈዋል። ኪልሞሪ ግን ከዚህ ዝውውር ውጪ ነው፤ በዚያ የሚሰነብቱት አጋዘኖቹን የሚያጠኑት ሰዎች ናቸው። በመቃብሩ ስፍራ ስም ከተቀረጸባቸው ጥቂት ሐውልቶች አንዱ በ1870ዎቹ በዲፍቴሪያ በጥቂት ቀናት ልዩነት ለሞቱ ለአንድ ቤተ ሰብ ልጆች የቆመ ነው። የቀሩት መቃብሮች ስም ያልተጻፈባቸው ተራ ድንጋዮች ናቸው። በአጠገባቸውም አጋዘኖቹ ይግጣሉ።