የጥይት ሞራ፦ ከሕንድ እስከ መቅደላ የዘለቀ የሐላልና የሐራም ጥያቄ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ሐይቅም ሆነ አምባሰል ውስጥ ዕድሜ ከጠገቡ አባቶች ጋር ቁጭ ብሎ የድሮ ጨዋታ የሰማ ሰው «ስናድር» የሚለውን ስም ሳያውቀው አይቀርም። ስናድር የጠመንጃ ስም ነው። ቃሉ ግን አማርኛም ዐረብኛም አይደለም፤ ጃኮብ ስናይደር ከተባለ አሜሪካዊ ስም የመጣ ነው። ይህ ጠመንጃ ወደ ወሎ ምድር የደረሰበት መንገድ፣ አንዲት ትንሽ የምትመስል ጥያቄ ሕንድን ካቀጣጠለችበት ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ጥያቄዋ ይህች ናት፦ «ጥይቱ የተቀባው ሞራ የምን እንስሳ ነው?»

ዛሬ የምናወጋው ስለዚህች ጥያቄ ነው። ጽሑፉ መሣሪያ ስለ መያዝ አይደለም። አንድ ሙስሊም ምንነቱን የማያውቀው ነገር ሲቀርብለት እንዴት መጠየቅ እንዳለበት፣ የተጠየቀው ወገንም እንዴት መመለስ እንዳለበት ነው። ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

🔹 ጠመንጃ ቅባት ለምን አስፈለገው?

በዚያ ዘመን ጠመንጃ የሚጎርሰው በአፈሙዙ በኩል ነበር። ባሩድና እርሳሱ አንድ ላይ በወረቀት ተጠቅልለው ይመጣሉ። ወታደሩ የወረቀቱን ጫፍ በጥርሱ ይቀድና ባሩዱን ወደ አፈሙዙ ያፈሳል። ከዚያ እርሳሱን አስገብቶ በብረት ዘንግ ገፍቶ ያወርደዋል።

ችግሩ ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል ወፍራም ጥቀርሻ መተዉ ነው። ጥቂት ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ አዲሱ እርሳስ በጥቀርሻው ውስጥ አልወርድ ይላል። ጥቀርሻው እርጥበት ስለሚስብም ብረቱን ያዝገዋል። ስለዚህ የወረቀቱ ታችኛ ክፍል ቅባት ይቀባል። ቅባቱ ጥቀርሻውን ያለሰልሳል፣ እርሳሱን ያንሸራትታል፣ ወረቀቱንም ከእርጥበት ይጠብቃል።

እንግዲህ ቅባት ሁሉ ለዚህ ሥራ እኩል አይሆንም። ጨው ወይም ውሃ ያለበት ቅባት ብረት ያዝጋል። የቆየና የኮመጠጠ ስብም አሲድ ስለሚያወጣ ብረት ይበላል። ሞራ በሙቀት ቶሎ ይቀልጣል። ሰም ግን እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሳይቀልጥ ይቆያል፤ አይኮመጥጥም፣ አይሸትም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

🔹 የ1857ቱ ሞራ

እንግሊዞች በ1853 ኤንፊልድ የተባለ አዲስ ጠመንጃ ሠሩ። በዚያ ጊዜ ሕንድን የሚገዛው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ነበር። በቤንጋል ሠራዊቱ ውስጥ ሙስሊሞችና ሂንዱዎች ጎን ለጎን ያገለግሉ ነበር። ሲፓሂ ይባሉ ነበር።

የኤንፊልድ ጥይት ቅባት ከሞራ የተዘጋጀ ነበር። የማን ሞራ? አቅራቢው ሞራ እንዲያመጣ ታዘዘ እንጂ ከየትኛው እንስሳ መሆኑ አልተወሰነለትም፤ አስቀድሞ ያጣራም አልነበረም። በ1853 ኮሎኔል ተከር የተባለ ከፍተኛ መኮንን የቅባቱ ምንነት ሳይረጋገጥ ለሕንዳውያን ወታደሮች እንዳይታደል አስጠንቅቆ ነበር። ሰሚ አላገኘም።

በጥር 1857 በካልካታ አቅራቢያ ደምደም በተባለው የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ነገሩ ፈነዳ። እንደተመዘገበው አንድ የቀን ሠራተኛ ከአንድ ከፍ ካለ ዘር ሂንዱ ወታደር ውሃ ለመነ። ወታደሩ «ዕቃዬን ታረክስብኛለህ» ብሎ ከለከለው። ሠራተኛውም «ቆይ፣ በቅርቡ የላምና የአሳማ ስብ በጥርሳችሁ ስትነክሱ የዘር ኩራታችሁን እናያለን» አለው። ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ።

ልብ በሉ፤ ላም ለሂንዱው የተከበረች ናት። አሳማ ለሙስሊሙ ሐራም ነው። የላም ሞራ ቢሆን እንኳ አራጁና አስተራረዱ ካልታወቀ ለሙስሊሙ በክት ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ነገሩ በእጅ መንካት ብቻ አይደለም፣ አፍ ውስጥ የሚገባ ነው። ስለዚህ የሁለቱም ሃይማኖት ሰዎች በአንድ ጥያቄ ተገናኙ።

የሚገርመው መንግሥት መልስ ለመስጠት ሞክሯል። በጥር 27 ጥይቱ ሳይቀባ እንዲታደልና ወታደሮቹ ራሳቸው በመረጡት ቅባት እንዲቀቡት አዘዘ። በኋላም ወረቀቱ በጥርስ ሳይሆን በእጅ እንዲቀደድ ፈቀደ። ግን ጊዜው አልፏል። አሁን ጥርጣሬው ወደ ወረቀቱ ዞረ። «ወረቀቱ ራሱ ለምን ያብለጨልጫል? ስብ ነክቶት ነው» ተባለ።

በሚያዝያ 24 በሚሩት ከተማ ከ90 ፈረሰኞች 85ቱ ጥይቱን አንቀበልም አሉ። ሙስሊሞችም ሂንዱዎችም ነበሩ። የቀረበላቸው ጥይት አዲሱ እንኳ አልነበረም፤ ለዓመታት ሲጠቀሙበት የኖሩት የድሮው ዓይነት ነበር። አብዛኞቹ አሥር ዓመት ከባድ እስራት ተፈረደባቸው። ግንቦት 9 በጓደኞቻቸው ፊት በእግር ብረት ተጠፈሩ። በማግስቱ ሚሩት አመፀ። ከዚያ በኋላ በነበረው ቀን አመፀኞቹ ደልሂ ገብተው የመጨረሻውን የሞጎል ንጉሥ ባሃዱር ሻህ ዘፈርን መሪያችን ሁን አሉት።

የአመፁ ምክንያት ሞራው ብቻ ነበር ብንል እንዋሻለን። ኩባንያው በ1856 የአዋድን ግዛት ነጥቆ ነበር። የደመወዝና የመሬት ቅሬታም ነበር። ሞራው ግን ሁሉም በአንዴ የሚረዳው ምልክት ሆነ። «እምነታችንን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም» የሚል ምልክት። በሁለቱም ወገን ብዙ ደም ፈሰሰ። ባሃዱር ሻህ ወደ ራንጉን ተግዞ በ1862 እዚያው ሞተ። ኩባንያውም ከሥልጣን ተነሥቶ ሕንድ በቀጥታ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ገባች።

🔹 ያው ጠመንጃ ወሎ ደረሰ

ከ11 ዓመት በኋላ ታሪኩ ወደ ደጃችን መጣ። አፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ጦር በዙላ በኩል ገብቶ ወደ መቅደላ ዘለቀ። ናፒየር በሕንዱ አመፅ ጊዜ ለክናው ላይ የተዋጋ ሰው ነው። ከ13,000 ያህሉ ወታደሮቹ አብዛኞቹ ሕንዳውያን ነበሩ፤ በመካከላቸውም የባሉች ክፍለ ጦር ሙስሊሞች ነበሩ።

እንግሊዛውያኑ ወታደሮች የያዙት ስናድር ነበር። ስናድር ማለት ደግሞ ያው የሕንዱ ኤንፊልድ ነው! የኋላው ተቆርጦ በማጠፊያ የሚከፈት መዝጊያ ተገጠመለት፣ ከኋላ እንዲጎርስ ሆነ። ጥይቱ የናስ ቀለህ ስላለው በጥርስ መቅደድ ቀረ። እርሳሱም የሚቀባው በሰም ነበር።

ሚያዝያ 10 ቀን 1868 በአሮጌ ሜዳ ላይ ይህ ጠመንጃ ወደ 700 የሚጠጉ የቴዎድሮስን ሰዎች ገደለ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860፣ መቅደላ ወደቀች። በዚህ ጊዜ የወሎዋ ገዥ መስተዋት በደቡብ በኩል ያለውን መውጫ ዘግታ ነበር። ሌላዋ የወሎ ገዥ ወርቂት ደግሞ ምኒልክ በ1865 ከመቅደላ ሲያመልጡ ተቀብላ ያሳለፈችና በዚህ ምክንያት ቴዎድሮስ ልጇን የገደሉባት እናት ናት። ሁለቱም ሙስሊም ሴቶች ነበሩ። ስማቸውን እንወቅ።

ሕንዳውያኑ ወታደሮች ግን ስናድር አልተሰጣቸውም። የያዙት በአፈሙዝ የሚጎርሰውን የድሮ ጠመንጃ ነበር። ከ1857 በኋላ እንግሊዞች ለሕንዳዊ ወታደር አዲስ መሣሪያ ማስታጠቅ ፈርተው ነበር። ያ የሞራ ጥያቄ ያፈረሰው መተማመን መቅደላ ግርጌ ድረስ ይታይ ነበር ማለት ነው።

🔹 ሰሙ የተሻለ ነበር

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነጥብ እንመለስ። ሞራ በሕንድ ሙቀት ይቀልጣል፣ ሲቆይም እርሳሱን ያበላሻል። እንግሊዞቹ ራሳቸው ቀስ በቀስ ሞራውን ቀንሰው ወደ ሰም አዘነበሉ። ማለትም ያ ሲፓሂ የጠየቀው ንጹሕ ቅባት ለእምነቱ ብቻ ሳይሆን ለጠመንጃውም የተሻለው ነበር። ጥያቄውን በጊዜ ሰምተውት ቢሆን ኖሮ ጥይታቸውም ይሻሻል ነበር። ሱብሓነላህ! በቁርኣን 16ኛው ሱራ የተሰየመው በንብ ስም ነው። የንቧ ሰም የአሳማ ስብ የማያስታርቀውን ሊያስታርቅ ይችል ነበር።

🔹 ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ የቀረበች ተመሳሳይ ጥያቄ

የቅባት ጥያቄ አዲስ አይደለም። ቡኻሪና ሙስሊም ከጃቢር (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ፣ መካ በተከፈተች ዓመት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአስካሪ መጠጥ፣ የበክት፣ የአሳማና የጣዖት ሽያጭ ሐራም መሆኑን ተናገሩ። ሰሐቦችም ወዲያው ጠየቁ። የበክት ሞራ መርከብ ይለቀለቅበታል፣ ቆዳ ይለሰልስበታል፣ መብራት ይበራበታል፤ እሱስ? አሉ። መልሱም ሐራም ነው የሚል ነበር።

ዑለማእ ከዚህ በኋላ ተወያይተዋል። ኢማም አሽ-ሻፊዒይና ተከታዮቻቸው ሐራም የተባለው ሽያጩ ነው፣ ለማይበላ ነገር መጠቀም ይቻላል ብለዋል። ብዙዎቹ ደግሞ መጠቀሙንም ከልክለዋል። ዝርዝሩን ከዑለማኦቻችሁ ጠይቁ። እኔ ማሳየት የፈለግኩት ሌላ ነው፦ ሰሐቦች ዕቃውን በስሙ ዘርዝረው ጠየቁ፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ጠያቂውን ሳያሳፍሩ ግልጽ መልስ ሰጡ። የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ያጣው ይህን ነው።

🔹 ከቦሩ ሜዳ እስከ ውጫሌ

ወሎም ኅሊናን መናቅ የሚያመጣውን ቀምሳለች። በ1878 ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ባለው ቦሩ ሜዳ፣ በአፄ ዮሐንስ ጉባኤ ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ የወሎ ሙስሊምም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ተገደደ። ብዙዎች ተሰደዱ። ሸይኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈርን የመሰሉ ዑለማእ በትግል ተነሡ። በጉልበት የተጫነው ትእዛዝ አለፈ፤ የወሎ እስልምና ግን እነሆ አለ።

በ1889 ደግሞ በእኛ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 አምባሰል ውስጥ ውጫሌ ላይ ምኒልክና ጣሊያን ተዋዋሉ። ሁላችንም 17ኛውን አንቀጽ እናውቃለን። ስለ ጦር መሣሪያ ንግድ የሚናገረው 6ኛው አንቀጽ ግን እምብዛም አይወሳም። ጠመንጃ ለምኒልክ በምጽዋ በኩል እንዲገባ የሚፈቅድ ነበር። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛና ጣሊያንኛ አለመስማማቱ አድዋን አመጣ። እዚህም ጥያቄው ያው ነው፦ ውስጡ ምን እንዳለ ሳይገለጥልህ ትፈርማለህን?

🔹 የዛሬው ግራሶ

ጋራዥ ውስጥ «ግራሶ» የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ስብ ነው። የዛሬ ግራሶ ግን በአብዛኛው ከመሬት ከሚወጣ ዘይት የሚሠራ ሲሆን ወፍሮ እንዲረጋ የሚያደርገው ሳሙና ነው። ለሳሙናው የእንስሳ ሞራ ሊገባበት ይችላል። በስፋት የሚሠራበት የሊቲየም ግራሶ ግን በአብዛኛው ከጉሎ ዘይት የሚገኝ አሲድ ይጠቀማል። አዎ፣ በየአጥሩ ጥግ የምናየው ጉሎ! የእንግሊዝ ጦር ራሱ በኋላ ጠመንጃ ሲወለውል የሚጠቀምበት የማዕድን ዘይት «የራንጉን ዘይት» ይባል ነበር። ባሃዱር ሻህ ተግዞ የሞተባት ያችው ራንጉን።

🔹 ምን እንማር?

አንደኛ፣ «ይህ ከምን ተሠራ?» ብሎ መጠየቅ ኋላ ቀርነት አይደለም። ስለ መድኃኒት ቅርፊት፣ ስለ ሳሙና፣ ስለ ብስኩት ስንጠይቅ የሚስቅብን ሰው ካለ የሚሩትን ታሪክ ይንገሩት።

ሁለተኛ፣ ጥያቄ ከወሬ ይለያል። ደምደም ላይ የተነሣው ጥያቄ እውነተኛ ነበር። ሚሩት ሲደርስ ግን ማንም የሚያጣራ አልነበረም፣ ያልተቀባውም ጥይት የተቀባ ሆኖ ታየ። ዛሬ በስልካችን «ይህ ምርት የአሳማ ስብ አለበት» የሚል መልእክት ሲደርሰን ሳናጣራ ወደ ሌላ አንላክ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ አዞናል።

ሦስተኛ፣ ተጠያቂ የምትሆኑ ወንድሞችና እህቶች፤ ነጋዴ፣ ፋርማሲስት፣ አስተማሪ፣ የቢሮ ኃላፊ ብትሆኑ፣ ጥያቄው ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁ። መልስ የሚጠቅመው በጊዜው ሲሰጥ ነው። እምነት አንዴ ከተሰበረ እውነተኛ መልስም አይታመንም።

አላህ ጠይቀው ከሚረዱት፣ ተጠይቀው ከማይደብቁት ያድርገን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም።